ዝናቡን እለፉትና ሽማግሌዎቹን እዩ

ልጆቼ፣ «ዘ ኖትቡክ»ን ያላያችሁ ጥቂት ሳትሆኑ አትቀሩም። የኒኮላስ ስፓርክስ ልብወለድ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ ፊልሙ በ2004 ተከተለ። የምትለጥፉት ሁሌ ያንኑ ነው፤ ዝናብ፣ ጀልባ፣ መሳሳም። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን ዕድሜዬን የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ሳክም የኖርኩ ነኝና ዓይኔ ሽማግሌዎቹ ላይ ያርፋል።

በሻማ የሚበሉት እራት ላይ ቆም በሉ። ሽማግሌው ባል ኖህ የወጣትነት ፍቅራቸውን ታሪክ ሲያነብላት፣ የመርሳት ሕመም የያዛት ሚስቱ አሊ ድንገት ታስታውሰዋለች። ምን ያህል ጊዜ እንዳላቸው ትጠይቀዋለች። ባለፈው ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም ይላታል። ይደንሳሉ። ከዚያ ፊቷ ይለወጣል። ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ሲጠጋት ትጮኻለች፤ ነርሶች ሮጠው ይገባሉ። እሱ ቆሞ ያለቅሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጋኗል። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው አንዳንዴ ጥርት ይልለታል፤ ግን ስላነበባችሁለት ታዞ አይመጣም። «ፍቅሬ ቢበቃት ኖሮ አትረሳኝም ነበር» እያሉ ራሳቸውን የሚያሰቃዩ ባሎች ብዙ አይቻለሁ። በሽታው የሚገድለው የአንጎል ሴሎችን ነው፤ የማንንም ፍቅር አይመዝንም። ፍርሃቷ ግን ልክ ነው። በእሷ ዓይን የማታውቀው ሰው ነው የያዛት። እንዲህ ሲሆን «እኔ እኮ ባልሽ ነኝ» እያላችሁ አትሟገቱ። ፈቀቅ በሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ጠብቁ።

በነገራችን ላይ፣ ወጣቱ ኖህ የሚሽከረከረው መጫወቻ ላይ ተንጠልጥሎ «እሺ ካላልሽኝ እለቃለሁ» ማለቱ ፍቅር አይደለም፣ ማስገደድ ነው። እንዲህ የሚላችሁ ካለ ሽሹ።

አሮጊቷን አሊን የተጫወተችው ጂና ሮውላንድስ የዳይሬክተሩ የኒክ ካሳቬትስ እናት ናት። የገዛ እናቷ በዚሁ ሕመም ተይዛ አይታለች፤ ሚናው የከበዳትም ለዚህ ነው። በ2024 ልጇ እሷም አልዛይመር እንደያዛት ተናገረ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አረፈች።

ፊልሙ ባልና ሚስቱን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አልጋ ይሸኛቸዋል። መጽሐፉ እንኳ እንዲህ አይጨርስም። እኔ የማውቀው ሕመም ዓመታት ይፈጃል፤ አስታማሚውም ይደክማል፣ ይነጫነጫል፣ ስለተነጫነጨ ደግሞ ያፍራል። ከዘመዶቻችሁ እንዲህ የሚያስታምም ካለ «አይዞህ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የቅዳሜን ከሰዓት ተረከቡትና እሱ ሄዶ ይተኛ።