ስለ ጋምቤላ ጠይቁ፦ የቅዳሜው የፒያሳ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ተሰብስበን ስለ ጋምቤላ ክልል የጠየቅነውና ጋሼ የመለሱልን እነሆ። ክልሉን በውኃ ሥራ ዞረውታል።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ጋምቤላ በአጭሩ ምን ዓይነት ቦታ ነው?
በአጭሩ አይሆንም እንጂ ልሞክር። ስፋቱ 30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የአዲስ አበባ ከ50 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የተመዘገበው ሕዝብ ግን 307 ሺህ ገደማ ነበር። አኙዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ ነባር ሕዝቦቹ ናቸው። ከጎሬ ደጋ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። አጎበር ያዙ፣ ወባው አይጣል ነው።

ከካዛንቺስ፦ ይህን ያህል ባዶ መሬት እያለ ለምን አይታረስም?
ባዶ አትበሉ! ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውኃው ሲሸሽ አኙዋኩ እርጥቡ ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል። ኑዌሩ በክረምት ከብቱን ከፍ ወዳለው መሬት ያወጣል፤ በበጋ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሐምሌ ላይ ውኃ ብቻ ያየህበት ሜዳ ጥር ላይ የከብት ሰፈር ነው። አመሻሽ ላይ የደረቀ እበት ተቆልሎ ይለኮሳል። ጭሱ ትንኙን ያባርራል፤ ልጆቹም አመዱን የከብቱ ገላ ላይ ያሻሉ። መዠንገሩ ደግሞ ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ካርታ አይቶ "ሰው የለበትም" ብሎ መሬቱን ለባለሀብት የሚሰጥ ሰው ይህን ሁሉ ነው የሚያቋርጠው። በጣም ያንገበግበኛል።

ከሰንጋ ተራ፦ ወደብ ነበረ የሚባለው እውነት ነው?
እንዴታ! እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። መርከቦቹ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ይመጡ ነበር። ጨርቅና ጨው አራግፈው የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ይህ ግን ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው፤ በበጋ አይደርሱም። እዚያ ነጋዴውም የወንዙን ወቅት ጠባቂ ነበር። ያኔ በእንግሊዝና በግብፅ ሥር ሆና ጣቢያውን ታስተዳድር የነበረችው ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ከፒያሳ፦ በመኪና በየት ይሻላል?
(እዚህ ላይ ሁለት አባላት ተያያዙ። አንዱ "በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ ነው" ሲል ሌላው "ኧረ በነቀምት፣ በደምቢ ዶሎ!" አለ። ወሬው የጅማ ቡና ይበልጣል ወይስ የወለጋ ወደሚለው ሄደ።)
ቡናውን ለሌላ ቀን አቆዩት። በየትም ሂዱ፣ ግን ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ጠይቁ።

ከለገሃር፦ ሆቴል ስንት ነው?
ደውለሽ ጠይቂ፣ እህቴ።

ከአራት ኪሎ፦ የዱር እንስሳስ?
ነጭ ጆሮ ቆርኬ! ከደቡብ ሱዳን ወዲህና ወዲያ በመንጋ ይጓዛል። ድንበር አያውቅም፤ የሚከተለው ሣርና ውኃ ነው። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ብቻውን አያድነውም፤ መንገዱ ከተዘጋ አለቀ።

ከካዛንቺስ፦ ስደተኞቹስ?
ከደቡብ ሱዳን የመጡት ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። ከቆጠራው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ውኃው የሚቀዳውም ማገዶው የሚለቀመውም ከዚያው መሬት ነው።

ከሰንጋ ተራ፦ ታዲያ ያ ባዶ መሬት...
ልጄ፣ አሁን ምን አልኩ? ባዶ አይደለም። ጥር ላይ ሂድና እየው። አጎበር አትርሳ።