«ተርሚኔት» ማለት ተጠናቀቀ ነው ወይስ ተቋረጠ?

ጥያቄ፦ አንድ የሥራ ውል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ተርሚኔት» የሚለውን ቃል በየቦታው «ይጠናቀቃል» አልኩት። አለቃዬ አይተው «ይቋረጣል ነው የሚባለው» ብለው ሁሉንም በቀይ ሰረዙት። መዝገበ ቃላቱ ግን «መጨረስ» ይላል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ለአለቃዎ። የእርሳቸው ግማሽ ግን ትንሽ ትበልጣለች።

ጣጣው ከእንግሊዝኛው ነው የመጣው። አንድ ነገር ጊዜው ደርሶ ሲያበቃም፣ ሰው መሀል ላይ ሲቆርጠውም ይኸው ቃል ያገለግላል። አማርኛ ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚጠራቸው። «ተቋረጠ» ውስጥ «ቆረጠ» አለ። ገና የሚቀር ነበር፣ አልተደረሰበትም ማለት ነው። መብራት ይቋረጣል፣ ስልክ ይቋረጣል። «ተጠናቀቀ» ግን የ«ጥንቅቅ» ዘመድ ነው፤ ጥንቅቅ ያለ ሥራ እንደምንለው። ምስጋና አዝሏል። በሦስተኛው ወር የተባረረ ሠራተኛ «ውልዎ ተጠናቋል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ይታይዎት። ዘመኑን ሙሉ የሠራ ነው የሚመስለው። እኔ ብሆን ያቺን ደብዳቤ ለክርክር አስቀምጣት ነበር።

ጽንስ ላይም እንግሊዝኛው ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። እኛ «ጽንስ ማቋረጥ» እንላለን። «ጽንስ ማጠናቀቅ» ቢባል ሰው የሚሰማው መውለድ ነው!

«ይቋረጣል» ደግሞ የማይሠራበት ቦታ አለ። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ባቡር መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ይኸው ቃል ነው። «ባቡሩ እዚህ ይቋረጣል» ብሎ የተረጎመ ሰው ተሳፋሪውን ያስደነግጣል። «መጨረሻው ጣቢያ ደርሰናል» ማለት ይበቃል።

እንግዲህ ውሉ ላይ ቆራጩን ይፈልጉ። «ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በጽሑፍ አስታውቆ» የሚል ካለ ቆራጭ አለ፤ «ውሉን ማቋረጥ ይችላል» ይበሉ። «ሁለት ዓመት ሲሞላ» የሚል ከሆነ ግን ማንም አልቆረጠውም፤ «ውሉ ያበቃል»። እዚህም «ይጠናቀቃል» አልመርጥም። የሚጠናቀቀው ሥራው ነው፣ ውል ያበቃል።

በቢሮ ወሬ «እገሌ ተርሚኔት ተደረገ» ቢሉ አልቆጣም። እንዲያውም ከ«ተባረረ» ይለሰልሳል። የሚፈረምበት ወረቀት ላይ ግን አይግባ፤ ማን እንዳቋረጠው ይሸፍናል።

በነገራችን ላይ የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው። «ተርሚኑስ» ማለት ወሰን፣ የድንበር ድንጋይ ነው። ሮማውያን በዚሁ ስም የሚጠሩት የድንበር አምላክ ነበራቸው፤ በዓሉን ፌብሩዋሪ 23 ያከብሩ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ «ተርሚናል» የምንለውም ከዚያው ነው። እኔን የሚገርመኝ «ዲተርሚን» ነው፤ «ወሰነ» ማለት ነው፣ ግንዱም ያው የወሰን ድንጋይ። እኛስ? «ወሰን» እና «ወሰነ»! ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደርሰዋል።

አሁን በቀይ ወደተሰረዙት ይመለሱ። አጠገባቸው «ሲሞላ» ወይም «እስከ» ያለባቸውን ብቻ ለይተው «ያበቃል» ይበሏቸው። የቀሩትን እንደ አለቃዎ ይተዉአቸው።