የፊቱ ፖርት ፍላሽ አላነብም ሲል

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰና ከዚያ ወዲህ ዴስክቶፑ በፊት ለፊት ፍላሽ አላነብም አለኝ። ከኋላ የተሰኩት ማውዝና ኪቦርድ ይሠራሉ። የሰፈር ልጅ ደግሞ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። የደንበኛ ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎርማቱ ይቆይ! ያንኑ ፍላሽ ከኋላ ሰክተሽ እዪው። ካነበበ ዊንዶውሱ ከደሙ ንጹሕ ነው። የኋላዎቹ ፖርቶች (መሰኪያዎች) ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን በኬብል ስለሚገናኙ ኬብሉ ከላላ ወይም ፖርቱ ከተጎዳ እነሱ ብቻ ዝም ይላሉ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፊና ገመዱን ከዲቫይደሩ ንቀይ። ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ውስጡ የቀረው ኃይል ይፈሳል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የደነዘዘ ፖርት አንዳንዴ በዚሁ ይነቃል። ገመዱን ሳትመልሺ በስልክሽ መብራት ፖርቱን ውስጡን እዪው። ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች፣ ላይዋ ላይ ቀጫጭን የብረት መስመሮች። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ሲገባና ሲወጣባት ምላሷ ትሰበራለች፣ ወይ መስመሮቹ ይጣመማሉ። እንደዚያ ከሆነ ምንም አትሰኪበት፤ ብረት ከብረት ከተነካካ ሌላ ጣጣ ነው። አቧራ ብቻ ከሆነ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፤ በአፍ እፍ አይባልም፣ ምራቅ ይገባል።

ከኋላም ካላነበበስ? ሌላ ፍላሽ ሞክሪ። ሁለተኛው ካነበበ ችግሩ ያለው የደንበኛው ፍላሽ ላይ ነው፤ «ፎርማት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ እሺ እንዳትዪ፣ ፋይሉ የሰው ነው። ሁሉም እምቢ ካሉ ዲቫይስ ማናጀር (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት መስኮት) ክፈቺና ቢጫ ምልክት ያለበትን ብቻ አንኢንስታል አድርገሽ ሪስታርት አድርጊው፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። የዩኤስቢውን ዝርዝር በሙሉ እንዳትነካኪ፣ ማውዝሽም አብሮ ይሄዳል።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚያመጣ ደንበኛ ካለ ሁልጊዜ ከኋላ ስኪለት። ዲስኩ ኃይል የሚያገኘው ከፖርቱ ነው፤ ዩኤስቢ 2.0 የሚባለው ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ኮረንቲ ነው፣ አዲሱ 3.0 ደግሞ 900፤ የፊት ለፊቱ ኬብል ከደከመ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቀራል።

የፊቱ ፖርት ጨርሶ ከሞተ ደግሞ አትጨነቂ። አጭር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ከኋላ ሰክተሽ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ አውጪው። የሚያልቀው እሱ ይሆናል፣ ሲያልቅም ትቀይሪዋለሽ። በሞተው ፖርት ላይ ግን ፕላስተር ለጥፊበት፣ ደንበኛ ሳይጠይቅ ይሰካልና።