የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክልሱ የግቢ ጠባቂ

ጥያቄ፦ የ7 ወር ወንድ ውሻ አለኝ፤ እናቱ የሀበሻ፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው። 26 ኪሎ ገብቷል። ቀን በሰንሰለት አስረን ማታ እንለቀዋለን። እስካሁን ግን እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን ይቆላል። ጎረቤቶች «ጨለማ ቤት ካልተዘጋበት፣ ሚጥሚጣ ካልበላ አይናከስም» ይሉኛል። ጠባቂ አይወጣውም? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ይወጣዋል፤ ገና ልጅ ነው። የሼፐርድ ክልስ በዓመቱ ገደማ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ደረቱ የሚሰፋውና ግቢውን የኔ ማለት የሚጀምረው ግን ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ7 ወሩ ሰው ወዳድ መሆኑ የጤና ምልክት ነው።

ሚጥሚጣ ጨጓራና አንጀቱን ያቃጥላል፣ ያስቀምጠዋል፤ ጠባዩን አይለውጥም። ጨለማ ቤት ደግሞ ፈሪ ያደርገዋል። ፈሪ ውሻ ሌባና ቤተሰብ አይለይም፤ ብዙ ጊዜ የሚነክሰውም አጠገቡ የሚሮጠውን ሕፃን ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ቀድሞ የሚጮኽ፣ «በቃ» ሲሉት የሚያቆም ውሻ ነው። በር ሲንኳኳ ሦስት አራት ጊዜ ይጩኽ፤ ከዚያ ስሙን ጠርተው «በቃ» ይበሉትና ዝም እንዳለ ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሳንባ ይስጡት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ያድርገው፤ አንዱ «በቃ» ሌላው «ዝም በል» ካለው ይደናገራል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በማሰሪያ ከግቢ ያውጡት፤ ባጃጅም፣ ጃንጥላ የያዘ ሰውም ይልመድ።

ሰንሰለቱን ይተዉት። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል የቀረበውን ሁሉ መንከስ ይለምዳል፤ አንገቱም ይላጥና ይቆስላል። 2 በ3 ሜትር የሽቦ አጥር ከተቻለ ይሻላል። ካልተቻለ በሁለት ምሰሶ መካከል 8 ሜትር ያህል ጠንካራ ሽቦ ወጥረው፣ በላዩ በሚንሸራተት ቀለበት ላይ 2 ሜትር ማሰሪያ ያድርጉ። ማሰሪያው እስከ ጫፉ ተዘርግቶም ከግንቡ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ ዘሎ ተሻግሮ ሊታነቅ ይችላል። በአንገት ቀበቶውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት።

ለቤቱ 110 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 75 ወርድ፣ 85 ቁመት ይበቃዋል፤ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቆርቆሮ ብቻውን ሌሊት ላብ ያወጣና ይንጠባጠብበታል፤ ከሥሩ ጣውላ ይምቱበት። ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፤ ጭድ አንጥፈው በክረምት በየሳምንቱ ይቀይሩ። ግቢዎ ሊሾ ከሆነ የሚተኛበትንና የሚበላበትን ቦታ ጎማ ያንጥፉበት። የሼፐርድ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ስላለበት፣ ሲያድግ በሚያንሸራትት ወለል መሮጥና ከመጠን በላይ መወፈር ያባብስበታል። ከተኛበት ሲነሳ ከዘገየ፣ ሲሮጥም ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ካነሳ ለሐኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ በጾም ሥጋ ቤታችን ስለማይገባ ለውሻችን እንጀራ በሽሮ እንሰጠዋለን። በበዓል ደግሞ የበጉን ሆድ ዕቃ ጥሬውን ይበላል። 30 ኪሎ ይሆናል። ምን ጎደለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከጎደለው ይልቅ የተረፈው ያሳስባል፤ ሽንኩርቱ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ መብሰሉም መርዝነቱን አያጠፋውም። 30 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት፣ ሊጎዳው ይችላል። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። ስለዚህ ከወጡ ትራፊ አይስጡት፤ የራሱ ድስት ይኑረው።

ለአንድ ቀን ግማሽ ኪሎ እንጀራ ወይም የተቀቀለ ሩዝ፣ 350 ግራም የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጨጓራ፣ አንድ ካሮት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ እንዲሁም ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አንድ የሻይ ማንኪያ። ካልሲየም ሲበዛም አጥንት ያበላሻል፤ ከዚህ አያስበልጡ። በጾም ሥጋውን በአራት እንቁላልና ያለ ሽንኩርት በተቀቀለ ምስር ይተኩት። ሁሉንም ለሁለት ከፍለው ጠዋትና ማታ ይስጡት። ደረተ ጥልቅ ትልቅ ውሻ በአንድ ጊዜ ጠግቦ ወዲያው ከሮጠ ጨጓራው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፣ ሊያስመልስ እየሞከረ ካልወጣለት፣ እስኪነጋ አያሳድሩት፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ጥሬ ሆድ ዕቃ ለእርሱም ለልጆችዎም ክፉ ነው። በበጉ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለ፣ ውሻው ውስጥ ገብቶ ጥቃቅን የኮሶ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ በልጅ እጅ ወደ አፍ ከገባ፣ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያድጋል። 40 ደቂቃ ይቀቅሉት፤ ወይም ውሾች በማይቆፍሩበት ጥልቀት ይቅበሩት። ጥሬ ሲበላ ለቆየ ውሻ ሐኪሙን ስለ ፕራዚኳንቴል (የኮሶ ትል ማጥፊያ መድኃኒት) ይጠይቁ፤ መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለእርስዎ ውሻ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ክልስ ውሻችን መዥገር ወርሮታል። ለከብት የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን ልናስወጋው ነው፤ ይሆናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይሆንም። የከብቱ መርፌ ለብዙ መቶ ኪሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ሞት ነው። በኮሊና በአንዳንድ የእረኛ ውሾች ዘር ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አንጎል አልፎ ያንገዳግዳል፣ ያሳውራል። የክልስ ዘር በዓይን አይታወቅም። በክብደቱ ልክ ለውሻ የተሠራ ኪኒን ወይም ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ያሳዝዙ፤ የሚተኛበትንም ጭድ አውጥተው ያቃጥሉ። ሐኪም ዘንድ ከሄዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አብረው ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው በ3 ወሩ ነው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሰው ከነከሰ፣ የተከተበ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው የተነከሰውን ሰው ያንኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።