የሚያለቅስ ሰው የማይታይበት ለቅሶ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ተዝካርም አነሣለሁ። በቅርቡ በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በተገደሉ ጊዜ ኒው ዮርክ ከተማ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ አየሁ። ቤቶቹ ከል ለብሰዋል፤ መንገዱ ላይ ግን እንደ ጢስ የተነነ ነገር እንጂ ሰው በቅጡ አይለይም። የሚለዩትም ቆመው የሚያዩ ናቸው፤ አንድም የሚያለቅስ የለም። እኛ አገር ለቅሶ ላይ አስለቃሿ ስታወርድ፣ ሰዉ ሲቀበል፣ ደረት ሲመታ እንጂ እንዲህ ጸጥ ብሎ አናውቅም። ሰዎቹ ናቸው ያላዘኑት ወይስ ፎቶግራፉ ነው ያላየው? ደግሞስ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ጨርቅ ሁሉ ከል ነው?»

መልስ፦ ፎቶግራፉ ነው ያላየው። ሙያዎ ስለሆነ ምክንያቱን ቶሎ ይረዱታል ብለን እናምናለን።

ሊንከን የተተኮሰባቸው ዓርብ ሚያዝያ 7 ቀን 1857 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1865) ማታ፣ ዋሽንግተን በሚገኝ ቲያትር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት አረፉ። በዚያ ዓመት የምዕራባውያኑና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ፣ እዚህ ወሎ ውስጥ ምእመናን ሲሰግዱ የዋሉበት ስቅለት እዚያም ስቅለት ነበር። አሜሪካውያን በእሑዱ ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ለበዓሉ ያዘጋጁትን አበባ በጥቁር ጨርቅ ከበው ነው። ከዚያ በኋላ አስከሬናቸው ዋሽንግተን ላይ ጸሎትና ስንብት ተደርጎለት፣ ኤፕሪል 21 ቀን በባቡር ተጭኖ በባልቲሞር፣ በፊላደልፊያ፣ በኒው ዮርክ፣ በክሊቭላንድ፣ በቺካጎና በሌሎችም ከተሞች እያረፈ፣ 2,660 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሜይ 4 ቀን በሚኖሩባት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተቀበረ። እርስዎ ያዩት ፎቶግራፍ የዚህ ጉዞ አንድ ቀን ነው።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ያኔ ፊልም የለም። ፎቶግራፍ አንሺው ኮሎዲዮን የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ በመስታወት ላይ ያፈሳል፤ በጨለማ ውስጥ ብር ባለበት ውሁድ ይነክረዋል፤ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ከቶ ያነሣበታል፤ ሳይደርቅም እዚያው አጠገብ በተተከለ ጨለማ ድንኳን ወይም በጋሪ ላይ ባለ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያጥበዋል። ከነከረው ሰዓት ጀምሮ ሥራው ሁሉ በአሥር ደቂቃ ገደማ ካላለቀ መስታወቱ ይበላሻል። ትልቁ መስታወት በደህና ብርሃን እንኳ ጥቂት ሰከንዶች ክፍት መሆን ነበረበት። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ያልተነቃነቀ ነገር ሁሉ፣ ግንቡ፣ ከሰገነት የወረደው ጨርቅ፣ በመስኮት በኩል እጁን አጣምሮ የሚጠብቀው ሰው፣ ጥርት ብሎ ይቀራል፤ የሚራመድ ጢስ ይመስላል፤ ፈጠን ብሎ ያለፈ ደግሞ ጨርሶ አይገኝም። ስለዚህ እርስዎ ሰው በቅጡ አይለይበትም ያሉት መንገድ ባዶ አልነበረም። ያ ጢስ የተባለው ወታደሩ፣ ሰረገላውን የሚስቡት ፈረሶችና ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ነው። ለአፍታ ብቻ በመክፈት የሚሄድን ሰው ለመያዝ የቻሉትም ነበሩ፤ እነርሱ ግን በሁለት ዐይን መነጽር የሚታዩ ጥንድ ሥዕሎችን በትንንሽ መስታወት ላይ፣ ፀሐይ ደምቃ ስትውል የሚያነሡት ናቸው።

እንግዲህ ደረት የሚመታ ሰው እንዲህ ባለ ካሜራ ፊት ምን ሆኖ እንደሚወጣ ያስቡት። ፊቱ ይጠፋል፣ እጁ ይጠፋል፣ ትከሻው ብቻ ይተርፍ ይሆናል። የወሎን ለቅሶ በዚያ መስታወት ቢያነሡት ኖሮ የሚተርፍልዎ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ጥግ ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አስለቃሿ አትኖርም።

ለዚህ ነገር በጣም የሚስማማ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ኤፕሪል 25 ቀን የሊንከን አስከሬን በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ጎዳና ሲያልፍ የተነሣ ሲሆን፣ ማዕዘን ላይ ባለው የአንድ ባለጠጋ ቤት ፎቅ መስኮት ሁለት ትንንሽ ልጆች ወደ ታች ሲመለከቱ ይታያሉ። ቤቱ የልጆቹ አያት የሩዝቬልት ነው። አንደኛው ልጅ ያኔ የ6 ዓመት ልጅ የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ሁለተኛው ወንድሙ ኤልየት እንደሆኑ ያረጋገጠችው፣ ኋላ የቴዎዶር ሚስት የሆነችው ኤዲት ናት፤ ያን ቀን እርሷም ትንሽ ልጅ ሆና እዚያው ቤት ነበረችና። በእርጅናዋ ዘመን ፎቶግራፉን ባሳዩዋት ጊዜ፣ ጥቁር ጥቁሩን ባየች ጊዜ ፈርታ ማልቀስ እንደጀመረችና ልጆቹ ለቅሶዋን ስላልወደዱት ከኋላ ክፍል እንደቆለፉባት ተናገረች። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ስታለቅስ የነበረችው አንዲት ልጅ ከፎቶግራፉ ውጭ ናት። ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለን አይመስለንም። (ቴዎዶር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1901 ፕሬዚዳንት የሆነው ከእርሱ በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በጥይት ተመትተው በመሞታቸው ነው።)

ስለ ጥቁሩ ጨርቅ የጠየቁት የፎቶ ባለሙያ ጥያቄ ነው። ያ መስታወት ሰማያዊን እንጂ ቀይን አያይም፤ ቢጫንና አረንጓዴንም የሚያየው በጭንቅ ነው። ቀይ የሆነው ሁሉ ጥቁር ይመስላል፤ ሰማያዊ የሆነው ነጭ ይመስላል፤ ሰማዩም ዳመና ቢኖረው እንኳ ባዶ ነጭ ሆኖ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ባንዲራ ላይ ያሉት ቀይ መስመሮች ከል እንደተጨመረባቸው ሆነው ይታያሉ፤ ኮከቦቹ ያሉበት ሰማያዊ ደግሞ ይገረጣል። በዚያ መስታወት የእኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሰንደቅ ዓላማ ቢነሣ ሦስቱም ጥቁር ለመሆን ይቃረቡ ነበር፤ ሠርጉ ሁሉ ለቅሶ በመሰለ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ፎቶግራፍ ላይ ሐዘንን በቀለም አይለኩት። ይልቁንስ ጨርቁ የተሰቀለበትን መንገድ ይመልከቱ። ለደስታ የሚሰቀል ጨርቅ ወጥሮ ይያዛል፤ ለሐዘን የተሰቀለው ግን ከዓምድ ወደ ዓምድ እየረገበ ይወርዳል፣ ዓምዱንም ይጠመጥመዋል። በሰዎቹም ላይ ጥቁር ኮት ምንም አይነግርዎትም፤ ያኔ ወንዱ ሁሉ የሚለብሰው እርሱን ነውና። በግራ ክንድ ላይ የታሰረውን ጨርቅ፣ በደረት ላይ የተሰካውን የሊንከን ትንሽ ምስል ይፈልጉ። ዛሬ ደሴ ውስጥ ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ ምስሉን በቲሸርት አሳትመው እንደሚለብሱት ማለት ነው፤ እርስዎም ሳያትሙት አልቀሩም።

የቆመ ሰው የሚታይባቸውም ፎቶግራፎች አሉ፤ እነዚያ ግን ለካሜራ ተብለው የቆሙ ናቸው። ቺካጎ ላይ ሰረገላው በአንድ ትልቅ የጨርቅና የእንጨት ቅስት ሥር ሲደርስ፣ ነጭ የለበሱ 36 ልጃገረዶች ዙሪያውን ከበው ነበር፤ ቁጥሩ ያኔ በነበሩት ግዛቶች ልክ ነው። ከሁሉም ግን ለወሎ ሰው ሳይተረጎም የሚገባው የስፕሪንግፊልዱ ፎቶግራፍ ነው። ሊንከን ጠበቃ ሳሉ ሲቀመጡበት የኖሩት ኦልድ ቦብ የሚባለው ፈረስ፣ ጥቁር ልብስ ተደርጎለት፣ ሰው ልጓሙን ይዞት፣ በጌታው ቤት ደጃፍ ይታያል። በቀብሩ ቀንም ማንም ሳይጋልበው ከሰረገላው ኋላ ተስቦ ሄዷል። በእኛ ዘንድ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ተንጠልጥሎበት፣ በለቅሶው መካከል ሲዞር አልቃሹ ሁሉ በፈረሱ ስም ይጠራው የነበረውን ከአያቶችዎ ሰምተው ይሆናል። ፈረስ እንኳ እስኪነሣ ድረስ ጸንቶ መቆሙ ግን ይገርማል።

ጥያቄ፦ «ከኮምቦልቻ ነኝ። የሊንከን አስከሬን ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይቀበር ቆይቶ፣ ፊቱ ክፍት ሆኖ ለሕዝብ ታየ መባሉን ማመን ከበደኝ። እኛ ጀናዛ ሳናሳድር የምንቀብር ሰዎች ነን። እውነት ከሆነስ ያን ያህል ፎቶ አንሺ በነበረበት አገር የአስከሬኑ ፎቶግራፍ የት ሄደ?»

መልስ፦ መታየቱ እውነት ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሚካሄድባቸው አራት ዓመታት፣ ርቆ የሞተ ወታደርን አስከሬን ለቤተሰቡ ለመላክ ሲባል በደም ሥር መድኃኒት እያስገቡ ማቆየት ተለምዶ ነበር። ለሊንከንም ይኸው ተደረገ። ቢሆንም ጊዜው በረዘመ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ስለሄደ ባለሙያዎቹ በየከተማው ዱቄት መቀባት ነበረባቸው። እርስዎ ከበደኝ ያሉት ነገር በዚያን ጊዜም የከበዳቸው ሰዎች ነበሩ።

ፎቶግራፉን በተመለከተ፣ ኤፕሪል 24 ቀን አስከሬኑ በኒው ዮርክ ማዘጋጃ ቤት አርፎ ሳለ ጀርማያ ገርኒ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ከከፍታ ላይ ሆኖ አነሣው። ሳጥኑ ክፍት ነው፤ ራስጌና ግርጌ አንድ አንድ የጦር መኮንን ቆመዋል። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ተቆጡ፤ መስታወቱም፣ የታተመውም ሁሉ እንዲጠፋ አዘዙ፤ አስከሬኑን እንዲያጅብ የተመደበውን ጄኔራል ታውንሰንድንም ገሠጹት። መበለቲቱ ሜሪ ሊንከን ከሐዘኗ ብዛት ከመኝታ ክፍሏ ሳትወጣ በቀረችበት ወራት የባሏ አስከሬን በየሱቁ እንዳይቸረቸር መከልከላቸውን እኛ አንነቅፍም። አስገራሚው ነገር ግን ስታንተን ራሳቸው አንዲት ቅጂ ይዘው መቅረታቸው ነው። ቅጂዋ ከእርሳቸው ሞት በኋላ በልጃቸው በኩል የሊንከንን ታሪክ ይጽፉ ወደነበሩት የሊንከን የቀድሞ ጸሐፊዎች ደረሰች፤ ከእነርሱ ወረቀት ጋርም በኢሊኖይ ግዛት የታሪክ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ1952 ወረቀቱን ያገላብጥ የነበረ የ14 ዓመት ልጅ አገኛት። ፊታቸው ከርቀት ስለተነሣ ትንሽ ነው፤ እጅግ ግልጽ ነው ለማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ «የደሴ አስተማሪ ነኝ። በዚያው ዘመን በእኛ አገር መሪ ሲሞት የተነሣ የሐዘን ፎቶግራፍ አለ?»

መልስ፦ የሕዝብ ለቅሶ የተነሣበት የለም፤ የሐዘን ፎቶግራፍ ግን አለ፣ ነገሩም የተጀመረው ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከመቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላት እጅ ላለመውደቅ ራሳቸውን የሠዉት ሊንከን በተገደሉ በሦስት ዓመቱ፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጥቶ ነበር፤ አምባውን፣ በሩን፣ ሰፈሩን አነሡ። የንጉሡን ፊት ግን ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስ በእጁ ሥሎ አስቀረው እንጂ መስታወት አልያዘውም። ለቅሶ የሚቀመጠውም ሰው ቢሆን ተበትኗል፣ አምባው ተቃጥሏል።

የሐዘኑ ፎቶግራፍ የተነሣው በባሕር ማዶ ነው። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላ፣ በዋይት ደሴት ትኖር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ዓመት ሐምሌ አካባቢ አነሣችው። ብቻውን የተነሣበት አለ፤ አገራችን ውስጥ ባሻ ፈለቀ ይባል ከነበረው ሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር የተነሣበትም አለ። የምትሠራው በዚያው በእርጥብ መስታወት ነው፤ ሌሎች ጉድለት የሚሉትን ረጅም ጊዜና የደበዘዘ ጠርዝ ሆን ብላ ትፈልገው ነበር። ለተማሪዎችዎ ሲያሳዩ ከኒው ዮርኩ ፎቶግራፍ አጠገብ ያድርጉት፦ እዚያ አንድ ከተማ ከል ለብሶ ፊት አይታይም፤ እዚህ አንድ ፊት አለ፣ ከኋላው ምንም የለም። ልጁ ወደ ካሜራው አይመለከትም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ ከልጇ ጋር አብራ እየተጓዘች መንገድ ላይ አርፋ ጨለቆት ተቀብራለች፤ ይህ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከሞተች ሁለት ወር ገደማ ቢሆናት ነው።