«የሸሪዓ ቅጣት» ሲባል የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ በማኅበራዊ ሚዲያ «የሸሪዓ ቅጣት ሰብአዊ መብትን ይጥሳል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። አባቴ የውርስ ጉዳያችንን የጨረሱት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ቅጣት የሚባል ነገር አላየንም። አባባሉ ልክ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እንዲህ በደፈናው ሲነገር ልክ አይደለም። ሸሪዓ ሶላትና ጾሙን፣ ጋብቻውን፣ ንግዱን ሁሉ ያቅፋል። የአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍን (ለበጎ ዓላማ የተሰጠ ንብረትን) ነው የሚያዩት። ወንጀል አይዳኙም። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የሰረቀ ሰው የሚከሰሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

ጸሐፊው ቅጣትን ካነሣ የትኛውን እንደሆነ ይናገር። «ሑዱድ» በቁርኣንና በሐዲስ ልካቸው የተወሰነ ቅጣቶች ናቸው፤ ለስርቆት እጅ መቁረጥ አንዱ ነው። ሊቃውንቱ ብዙ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጡበታል፤ ጥርጣሬ ካለም ይቀራል። «ተዕዚር» ለዳኛው ወይም ለመንግሥት ውሳኔ የተተወ ነው። በግድያና በአካል ጉዳት ሲሆን «ቂሷስ» አለ፦ የተጎጂው ወገን ተመጣጣኝ ቅጣት ይጠይቃል፣ ይቅር ይላል ወይም «ዲያ» ይቀበላል።

ዲያን «የደም ካሳ» ብንለው ማንም ይረዳዋል። ወሎ ላይ «ጉማ» የሚለው አይጠፋም፤ እኔ ግን አልመክርም። ጉማ ሲባል ሽማግሌና አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ገብቶ ደም ማድረቁ፣ ሁለቱ ወገን መታረቁ አብሮ ይመጣል። ዲያ ግን ዳኛ ፊት የሚጠየቅ የተጎጂ ወገን መብት ነው።

ቃላቱን መለየት የሰው ገላ ላይ ለውጥ አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የሳውዲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተዕዚር የሚፈረድ ግርፋት በገንዘብ ወይም በእስራት እንዲተካ ወሰነ። ይህን «ሳውዲ የሸሪዓ ቅጣትን አስቀረች» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን አሳስቷል። ውሳኔው የሑዱዱን ግርፋት አልነካም።

ወደ መብቱ ስንመጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ1992 እ.ኤ.አ. የጭካኔና የኢሰብአዊ አያያዝ ክልከላው አካላዊ ቅጣትንም እንደሚጨምር አስታውቋል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 እንዲህ ያለ ቅጣትን ይከለክላል። እጅ መቁረጥና ግርፋት ይህን መብት ይጥሳሉ ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማለት ግን የአንድን ሕዝብ እምነት በጅምላ መክሰስ አያስፈልግም። «በእገሌ አገር ሕግ ለስርቆት የተደነገገው እጅ የመቁረጥ ቅጣት ሰብአዊ መብትን ይጥሳል» ቢባል ተከራካሪውም ምን ላይ እንደሚከራከር ያውቃል።

በዚያው፣ «ሑዱዶች» ተብሎ ሲጻፍም አያለሁ። ሑዱድ ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ሐድ» ነው።