አማቴ «ዘንዶ ቤቴ አይገባም» አሉ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ነሐሴ 11 ቀን አምስት ዓመት ይሞላዋል። ካርቱን ላይ አይቶ «የድራገን ልደት ካልሆነ አልፈልግም» ብሎ ድርቅ ብሏል። ድራገን ማለት ዘንዶ መሆኑን የሰሙት አማቴ ደግሞ «ሰይጣንን በልደቱ ቀን ልትጠሪው ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ክረምት ስለሆነ ግቢው ጭቃ ነው። የጌጥ ዕቃ አከራዮች የጠሩልኝ ዋጋም የሠርግ እንጂ የልደት አይመስልም። ሦስት ዓመት የሞላት ታናሽ እህትም አለችው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ቀኑ ላይ ነው። ነሐሴ 11 እኮ ፍልሰታ ነው! በፍልሰታ እንኳን ትልቁ ሕፃኑም ይጾማል። ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ብታቀርቢ ግማሾቹ ልጆች ቁጭ ብለው ሊያዩት ነው። የጾም ኬክ ማስጋገር ትችያለሽ። እኔ ግን ከነሐሴ 16 በኋላ ወዳለው ቅዳሜ ግፊው እልሻለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ቀን አይቆጥርም፤ ሻማው እስኪበራ ድረስ ነው የሚጠብቀው።

አማትሽን በተመለከተ፣ እውነታቸውን ነው። ራእይ ምዕራፍ 12 ላይ ታላቁ ዘንዶ ማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ የሚወጋው እሱኑ ነው። ያንን ሥዕል እየተሳለሙ ላደጉ ሰው «ይሄ እኮ ካርቱን ነው» ብትያቸው ምን ትርጉም አለው? አትከራከሪያቸው። ይልቅ «እማማ፣ የአቡነ አረጋዊን ዘንዶ ለልጆቹ ይንገሩልን» በያቸው። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ ገደሉ ሥር ሲደርሱ መውጫ አጡ። ያኔ ዘንዶ ከላይ ወርዶ፣ ተጠምጥሞ አወጣቸው፤ ቅዱስ ሚካኤልም ዘንዶው ክፉ እንዳያደርስባቸው ሰይፉን መዝዞ ይጠብቅ ነበር። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣው በገመድ ነው። አማትሽ ይሄን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ጠላ ቤት የተከራከረ ሰው እንኳን ታሪክ ንገረን ሲባል ይለዝባል፤ አያት ደግሞ የልጅ ልጅ ከቧቸው ሲቀመጥ እንዴት እንደሚሆኑ አንቺው ታውቂያለሽ። ጨዋታው በሳቸው ታሪክ ይጀመር። ካልሆነላቸው ደግሞ ዘንዶ የሚለውን ቃል ተይውና ድራገን ብቻ በይው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብዙ ዓመት ሕፃናት ሳስተምር ኖሬ፣ የገዛ ልጄን ልደት ግን አበላሽቻለሁ። ወንድሜን ጥቁር ማዳበሪያ አልብሼ ጓዳ ደበቅኩት። «አሁን!» ስለው እያገሳ ወጣ። አሥራ ሁለት ልጅ ባንድ ጊዜ ጮኸ። የልደቱ ባለቤት አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ፤ ኬኩም ሳይቆረስ ዋለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ጓዳ ብቻውን አይገባም ነበር። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭምብል ውስጥ ያለው አጎቱ መሆኑን ቢነግሩትም ዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው። ስለዚህ ድራገኑ ከየትም ዱብ አይበል። ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። በእጁ ቀለም የቀባውን ነገር ማን ይፈራል?

አሠራሩን ልንገርሽ። ከሱቅ አንድ የፓስታ ካርቶን ለምኚ። ክዳኑን አትቁረጪው፤ እሱ አፉ ነው። ካርቶኑን አጋድመሽ የላይኛውን ክዳን ወደ ላይ፣ የታችኛውን ወደ ታች ታጥፊዋለሽ። እንቁላል የሚደረደርበትን ካርቶን አምጪና ሁለት ጉብታ ቆርጠሽ ከላይ በኮላ ለጥፊ። ዓይን ሆነልሽ፤ መሃሉን በከሰል አጥቁሪው። የቀሩትን ጉብታዎች በረድፍ ቆርጠሽ ከግንባሩ ጀምረሽ ወደ ኋላ ደርድሪያቸው። ይሄን ከዋዜማው አንቺ ትጨርሺዋለሽ። አረንጓዴ መቀባቱን ግን ለልጆቹ ተይላቸው። ያረጀ አንሶላ ከጭንቅላቱ ኋላ አያይዢና ልጆቹ ተራ በተራ ሥሩ ይግቡ፤ እግር ያለው ድራገን ቤት ውስጥ ይዞራል። ሲደክማቸው ጭንቅላቱን ወንበር ላይ አስቀምጪውና የተጨማደደ ወረቀት እየወረወሩ ያብሉት። ለሳሎንሽ ጠባብነትም ይሄ ይስማማል፤ ሩጫ የለበትም።

እሳት ካልተፋ ድራገን አይደለም ይልሻል ልጅሽ። ሶፍት ሲያልቅ የምትቀረዋን ክብ ካርቶን ከአሁኑ ሰብስቢ፤ ለጎረቤትም ንገሪ። ከአንዱ ጫፍ ቀይና ቢጫ ስስ ወረቀት እንደ ዘርፍ ቆርጠሽ ከውስጥ ለጥፊበት። ልጁ በሌላኛው ጫፍ ሲነፋ ወረቀቱ እየተርገበገበ ይወጣል፣ እሳት ነው። እኔ ለሙከራ ሠርቼ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ እየጠበቀኝ ጓዳ ቆሜ ስነፋ ተይዣለሁ። ሁሉም ልጅ የየራሱ ይኑረው፤ ምራቅ እንዳይለዋወጡ።

ሌላው ጨዋታ የድራገን እንቁላል ፍለጋ ነው፤ ለእንቁላሉ ድንች ይበቃሻል። በጎጃም ክረምት ድንች ይጠፋል እንዴ? መካከለኛ መካከለኛውን አጥበሽ በፎይል ጠቅልይና ከትራሱ ኋላ፣ ከሶፋው ሥር ደብቂው። «ኩኩሉ» ስትዪ «አልነጋም» ይሉሻል፤ ነጋ ስትዪ ይፈልጋሉ። ለአንድ ልጅ አንድ ድንች ነው፤ ያገኘ ቁጭ ይላል። ካልሆነ ጉልበተኛው አምስት ይዞ ሌላው ያለቅሳል።

ምግቡም ከቤትሽ አይወጣም። ለቡሄ ከምትገዢው የስንዴ ዱቄት አስተርፊና ትንንሽ ሙልሙል ጋግሪ። ትሪ ላይ እንደ እባብ እያጠማዘዝሽ ደርድሪያቸው፤ ትልቁ ፊት ይሁን፣ ትንንሾቹ ጅራት። ለጀርባው ፓፓያ በሦስት ማዕዘን ቆርጠሽ በመሃል በመሃሉ ሰካ ሰካ አድርጊ። ከአፉ ፊት የብርቱካን ቁራጭ ብትበትኚ እሳት ነው። መጠጡ ብርዝ ይሁን፤ ከጎጃም ማር የተሻለ የለም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከመጣ ግን ማር እንዳይቀምስ።

ፈንዲሻ የሌለበት ልደት ልደት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ለትንሿ ልጅሽ አትስጫት። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ አራት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ትንታ ላይ ይጥሉታል። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ያው ነው፤ ወዲያው ልቀሚው። ሻማው ሲበራ የወረቀቱ እሳት ሁሉ ከጠረጴዛው ይራቅ።

ስንት ልጅ ልጥራ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ስምንት ከጠራሽ ለአሥራ አምስት አዘጋጂ፤ የጎረቤት ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲያይ አትመልሺውም መቼም። ልደቱ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይርዘም። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሪ፤ ዝናብ ቢጥልም በአሥር ተኩል እናቶቹ ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ።

ሲሄዱ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚነፋውን እሳትና ያገኘውን ድንች አሲዣቸው። ለእናቶቹ ድንቹ ጥሬ መሆኑን ንገሪያቸው እንጂ። እኔ ሳልናገር ቀርቼ፣ አንዲት እናት በማግስቱ መንገድ ላይ አስቁማኝ «ልጄ ታቅፎት ነው ያደረው፤ መቼ ነው የሚፈለፈለው?» አለችኝ።